የማይንቀሳቀሰው ኮምፒውተር

ሀርጌሳ ውስጥ አንዲት ሴት ኮምፒውተር ልትገዛ ነው ከተባለ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ መካሪ ይሆናል። ሂዳያ ይህን ያወቀችው በራሷ ደርሶ ነው። ከጎረቤት ጀምሮ እስከ ባለ ታክሲው ድረስ የማያማክራት አልነበረም። ከመካሪዎቹ ሁሉ ግን ሥራዋ ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞችን በየሰፈሩ እየዞረ ያነጋግራል፤ ሼክ ኑር ሰፈር ያሉትንም፣ እሷ ራሷ የምትኖርበት መሐመድ ሞጌ ያሉትንም። ንግግራቸው በድምፅ ተቀድቶ ይላክላታል። እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በአማርኛ ትጽፈዋለች፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ጅግጅጋ ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ ባሏን ሙጂብን ተከትላ ሀርጌሳ ከገባች ወዲህ ብዙ ነገር ሞክራለች፤ ልብስ ሱቅም ቆማለች። እንደዚህኛው የወደደችው ሥራ ግን የለም። ችግሩ ያንን ሁሉ ጽሑፍ የምትጽፈው በስልኳ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን አለቃዋ ደወለላት። «ሂዳያ፣ በስልክ የምትልኪው ፋይል እኛ ጋ ሲከፈት ተዘበራርቆ ነው። እስከ አረፋ ድረስ ኮምፒውተር ያዢ። እሱን ከያዝሽ የትም ሆነሽ ሥሪ፣ ግድ የለኝም። ካልያዝሽ ግን ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው» አላት።

ሂዳያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «የትም ሆነሽ» የምትለዋን ቃል ይዛ ቀረች። ጅግጅጋ ያሉት እናቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ከአረፋ በኋላ ሞራው ሊገፈፍላቸው ቀጠሮ ተይዟል። ወንድሞቿ ሾፌሮች ናቸው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። እጃቸውን ይዞ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው፣ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግላቸው ሰው ከእሷ ሌላ የለም። ኮምፒውተር ካላት ሥራዋንም እናቷንም ይዛ ትቆያለች፤ ከሌላት ከሁለቱ አንዱን ትመርጣለች። ነገሩ ይኸው ነበር። የምትፈልገውም ተራ ዕቃ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ መብራት ሲጠፋ ጥቂት የሚቆይ፣ በአሥር ጣት የሚጻፍበት።

መጀመሪያ የደረሰላት ኤልሚ ነው። ኤልሚ የሙጂብ የልብ ጓደኛ፣ የሀርጌሳ ልጅ ሆኖ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው ከእሷም በላይ የሚፈስ ሰው ነው።

«አቦ እህቴ፣ ምን ኮምፒውተር ትያለሽ! ጊዜው የታብሌት ነው። የእህቴ ልጅ ከዱባይ እየመጣ ነው፣ አመጣልሻለሁ። ዋላሂ ትመርቂኛለሽ!»

አመጣላትም። ያብረቀርቃል፣ ስስ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ሂዳያ ልትጽፍበት ስትቀመጥ ፊደሎቹ ብቅ ብለው የመስታወቱን እኩሌታ ሸፈኑት። ድምፁን አቁማ ጽፋ ስትመለስ ደግሞ ንግግሩ ከመጀመሪያው ይነሳል። ከሼክ ኑር ሰፈር የተቀዳው ሰውዬ «ከቶጎ ውጫሌ በእግሬ ነው የተነሳሁት» ሲል ደጋግማ ደጋግማ ሰማችው። ምስኪኑ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲነሳ ውሎ አንድም ቦታ ሳይደርስ መሸ። ሂዳያ ታብሌቱን በምስጋና መለሰች፤ አሁን የኤልሚ ሴት ልጅ ካርቱን ታይበታለች።

ከዚህ በኋላ ሙጂብ ነገሩን በርጫ ይዞት ሄደ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን ሲቅሙ የማይዳኝ ጉዳይ የለም። የማን ልጅ ማንን ያግባ፣ የትኛው መኪና ይሸጥ፣ የማን ቤት ጣሪያ ይቀየር፣ ሁሉም እዚያ ይቆረጣል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። ሂዳያ የምትሠራበት ዕቃ ሂዳያ በሌለችበት ተመከረበት፣ ተከራከሩበት፣ ጸደቀ። በማግስቱ ታክሲ በር ላይ ቆመና ሙጂብና ኤልሚ እያለከለኩ ማውረድ ጀመሩ። አንድ ትልቅ ሳጥን። መስኮት የሚያህል ስክሪን። ከዚያም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ክብደቱ ከስኳር ከረጢት የማያንስ። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ተፈልጎ ተዘረጋ። ሙጂብ አቧራ እንዳይገባው ብሎ በእጁ ዳንቴል አለበሰው።

ሂዳያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሙጂብ፣ ይሄን ተሸክሜ ነው የቶጎ ውጫሌን ድንበር የምሻገረው?»

«ኮምፒውተር ማለት ይሄ ነው። ሌላው መጫወቻ ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«ከሁሉም ውስጥ ጽፎ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ?»

ኤልሚ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ሙጂብ የዳንቴሉን ጫፍ አስተካከለ። «ሥራሽን እዚህ ጨርሰሽ፣ ከዚያ ተረጋግተሽ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ኢንሻአላህ ቁርጥ ያለ ቃልም ይሆናል፣ ነገር ማስረሻም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በተናጋሪው ዓይን ነው። የሙጂብ ዓይን ዳንቴሉ ላይ ነበር። ሂዳያ ደሟ ፈላ። ቀጠሮው ተቃርቧል፣ እናቷ በየቀኑ እየደወሉ «መቼ ነው የምትመጪው ልጄ?» ይሏታል፣ እሷ ደግሞ ተራራ ተገዝቶላት ቁጭ ብላለች።

ዕቃውን መመለስም ቀላል ነገር አልነበረም። የተገዛበት ሱቅ የኤልሚ የአጎት ልጅ የኢፍራህ ነው፤ እዚያ ዕቃ መመለስ ኤልሚን በዘመዶቹ ፊት እንደ መስደብ ይቆጠራል። ሂዳያ ግን ይሉኝታዋ አልቆ ነበር። ሻርፗን ጠምጥማ በሚኒባስ ከተማ ወረደች።

ኢፍራህ አዲስ አበባ የተማረች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሂዳያ ገና ከበሩ የያዘችውን ብሶት ሁሉ ስታዘንብባት ሳታቋርጥ ሰማቻትና ወንበር ሳበችላት።

«ቁጭ በይ እህቴ። መጀመሪያ ንገሪኝ እስቲ፤ ስትሠሪ የት ነው የምትቀመጪው?»

ሂዳያ እንባዋ መጣ። ይህን ያህል ሰው ሲመክራት ይህችን አንዲት ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም። «ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ነው የምቀመጠው» አለች። «ሲሞቅ የማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ፤ ወደፊት ደግሞ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ እናቴ አልጋ አጠገብ።»

ኢፍራህ ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ አወረደች። ያገለገለች ናት፤ ክዳኗ ተጭሯል፣ ፊደሎቿም ዓረብኛ ናቸው። ሂዳያ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻትና ጣቶቿን አሳረፈች። ኮሌጅ እያለች በአማርኛ የምትጽፈው ቁልፎቹን ሳታይ ነበር፣ አሁንም አላየችም። «ከቶጎ ውጫሌ በእግሬ» ብላ ጻፈች፤ የሼክ ኑሩ ሰውዬ በመጨረሻ መንገድ ጀመረ።

«ይቺ እያለች ታዲያ ያንን ተራራ ለሙጂብ ለምን ሸጥሽለት?» አለች፣ ንዴቷ እንደገና መጥቶባት።

ኢፍራህ ግራ ገባት። «እኔማ መጀመሪያ ያሳየሁት ይቺኑ ነው። ብቻውን ነበር የመጣው፣ ከኤልሚ ጋር ከመምጣታቸው በፊት። አነሳት፣ በእጁ መዘናት። 'በጣም ቀላል ናት' አለኝ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ 'ከቤት የማይወጣ የለሽም?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሌባ ፈርቶ ነው ብዬ...»

ሂዳያ ላፕቶፗን ዘጋች። ለካ በርጫውም፣ ክርክሩም፣ «ሁሉም» የተባለውም መሸፈኛ ነበር።

ቤት ስትደርስ ሙጂብ ተራራው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«ከቤት የማይወጣውን ስጪኝ ያልከው ለምንድን ነው?»

ሙጂብ ቀና ሳይል ተናገረ። «አባትሽ የሞቱ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ብለሽ ሄደሽ አራት ወር ቆየሽ። በስልክ ነገ ነገ ስትይኝ ከረምሽ። መጥቼ እናትሽ ሳሎን ተቀመጥኩ፤ እኔን አይተሽ አልተነሳሽም። የተነሳሽው የልብስ ሱቁ ባለቤት ደውላ ቦታሽን ለሌላ ልሰጥ ነው ስትልሽ ነው። የመለሰሽ ሱቁ ነው ሂዳያ፣ እኔ አይደለሁም። አሁን ደግሞ ሱቁ ቦርሳሽ ውስጥ ሊገባ ነው። ምን ይመልስሻል?»

«እና ካቴና ገዛህልኝ? ዳንቴል አልብሰህ?» ጮኸች። «አፍ የለህም? ይህን ሁሉ ሰው ከምታማክር እኔን አትጠይቀኝም?»

«ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ሂዳያ ያኔ ጅግጅጋ ውስጥ የሚከራይ ክፍል እስከ ማየት ደርሳ ነበር፤ ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ ነበር የምታስበው፤ ጥያቄው ግን እሱም እንደደረሰበት ነገራት። በሙጂብ ተናደደች፣ በራሷ አፈረች፣ ይሄ ሰውዬ ይህን በሆዱ ይዞ አብሯት መክረሙ ደግሞ አሳዘናት። ሦስቱም በአንዴ መጡባትና ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

በማግስቱ ተራራው በመጣበት ታክሲ ተመለሰ። የጫነው ሙጂብ ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ኤልሚ ጥቂት ቀን አኮረፈ፣ ከዚያ ረሳው። ኢፍራህ ትንሿን ላፕቶፕ ጠቅልላ ስትሰጣት ሂዳያ «አንድ ሌላ ቻርጀር ጨምሪልኝ» አለቻት።

«ከእሷው ጋር አለልሽ እኮ፤ አይበቃሽም?»

«አይበቃኝም።»

የምትሄድ ዕለት ጠዋት ሙጂብ ቦርሳዋን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ከፍ ዝቅ አደረገው። ቅልልነቱ ፊቱ ላይ ይታያል። ሂዳያ የረሳሁት አለ ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ግድግዳው ሥር፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ፍራሽ አጠገብ ተንበርክካ ሁለተኛውን ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ሰካችው። ሽቦውን ዘርግታ ጫፉን ትራሷ ላይ አስቀመጠች።

«ሙጂብ! ና እስቲ።»

መጣ። ቻርጀሩን አየ፣ እሷን አየ።

«ይሄን እንዳትነቅለው። ለስልክህም ብለህ እንዳትነቅለው። ስመጣ ፍለጋ አልገባም።»

«ትመጫለሽ ማለት ነው?»

«እናቴ ፊቴን ለይተው ካዩ በኋላ፣ ኢንሻአላህ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «በል አሁን ያንን ቦርሳ ያዝና ውጣ፤ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»