የወንድሜ ስልክ በአባቴ አንገት

አባቴ መንገድ መርሳት ሲጀምር አንገቱ ላይ ስልክ አንጠለጠልንለት። በቤቱ ትርፍ የነበረው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ የሞተው ታላቅ ወንድሜ ስልክ። ቢደወልለት አባቴ አያነሳም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ከገባ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ይጠፋል።

ወሰን ሰፈር ስልክ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ያለ ኔትወርክ፣ ስልኮች ሲቀራረቡ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት አፕ ሠራልን። ከመጫኑ በፊት ቤታችን መጥቶ በስልኮቹ ፈንታ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ ደረደረ።

«አንዱን መሐል አድርገን ሌሎቹ ከእሱ ጋር ብቻ ይያያዙ? ወይስ ሁሉም ከሁሉም ጋር?»

«መሐሉ እኔ ልሁን» አለች እናቴ።

«ማዘር፣ እንደዚያ ከሆነ እርስዎ ሩቅ ሲሆኑ ማንም አያየውም። ሁሉም ከሁሉም ከሆነ ግን ዳገት ላይ ያለው ለታችኛው ያቀብላል። ትንሽ ይንቀራፈፋል እንጂ ይደርሳል።»

«እኔ ልሁን አልኩህ፣ ልጄ።»

ጓደኛዬ በዓይኑ ጠየቀኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ወደ በራችን ሲቃረብ የእናቴ ስልክ ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ የወንድሜ ስም ይወጣል፤ በሕይወት ሳለ ራሱ እንደጻፈው፣ ከሰፈር ቅጽል ስሙ ጋር። ከሥሩ «ቅርብ ነው» ይላል። ልቀይረው ስል «አትንካው» አለችኝ። አባቴ ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላም ስክሪኑን እያየች ትቆያለች። ሊጠፋ ሲል በአውራ ጣቷ ትነካዋለች።

ክረምት ላይ አንድ ከሰዓት ጉሙ እስከ ጣሪያችን ወረደ። አባቴ አልተመለሰም። እኔና እህቴ ወጥተን ጫካው ውስጥ ተጣራን። ስልኮቻችን ዝም እንዳሉ ናቸው። አባቴ አጠገባችን ቢያልፍ እንኳ አይነግሩንም፤ የሚያውቁት እናቴን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ጉልበቷ ዳገት አይችልም።

እህቴን እዚያው ትቼ እየሮጥኩ ወረድኩ። እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«ስልክሽን ስጪኝ።»

በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«እዚህ ቢመጣስ?»

«እማዬ፣ ብርዱ ይገድለዋል።»

ሰጠችኝ። ጨርቁ ሞቃት ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላው ኖሯል፣ ነጠላውን አብራ ለቀቀችው።

ተመልሼ ወጣሁ። ከላይኛው ቦይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። የወንድሜ ስም፤ ቅርብ ነው። በዙሪያዬ የባሕር ዛፍ ግንዶች ብቻ፣ እነሱም ከወገብ በላይ የሉም። እህቴ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች። አባዬ ብላ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የወንድሜ ስም ነው።

«አቤት» አለ አባቴ፣ ከጉሙ ውስጥ።

ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። እጁን ስይዘው «እሱ ቀድሞ ሄደ?» አለኝ። «እቤት ነው» አልኩት።

በማግስቱ እናቴ ራሷ ጓደኛዬን አስጠራችው። ሁሉም ከሁሉም እንዲሆን ነገረችው።

«ስሙንም ልቀይረው፣ ማዘር?»

«ስሙ ይቆይ» አለች። ስልኳን አቀብላው እስኪጨርስ አላየችውም። «ለእኔ ብቻ ነበር የሚመጣው።»

አሁን አባቴ ሲቃረብ ሦስት ስልክ በሦስት ክፍል ይጮኻል። እህቴ ከጓዳ ትወጣለች፣ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ፤ በሩን እናያለን። በሩ ሲከፈት አባቴ ነው። ማናችንም ስልካችንን ቶሎ አናጠፋም።