እናቴን «ሲስተር» ያሉት ሃምሳ አለቃ

የቡሬ ከተማ ሰው እናቴን የሚያውቃት በበርበሬ ነጋዴነቷ ነው። በወጣትነቷ ሰሜን ጦር ግንባር ቁስለኛ የምታክም ነርስ እንደነበረች የምናውቀው ልጆቿ ብቻ ነን። እኛም ብንጠይቃት «አለፈ እኮ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ባለፈው ዓመት የአገልግሎቷን ማስረጃ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። የቀድሞ ወታደሮችን የሚመዘግቡት አዛውንት «የአባትህ ማዕረግ ምን ነበር?» አሉኝ።

«የአባቴን አይደለም፤ የእናቴን ነው» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

ስሟ መዝገቡ ላይ አልተገኘም። ሆኖም በእሷ ክፍለ ጦር ሲያገለግሉ የቆሰሉ አንድ ሃምሳ አለቃ ገበዝ ማርያም በሚባል ቦታ እንደሚኖሩ ነገሩኝና ሄጄ አገኘኋቸው። ስሟን ስጠራላቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ረጅም ጠባሳ አሳዩኝ።

«ይህ እግር ይቆረጥ ተብሎ ነበር፣ ልጄ። ጥቂት ቀን ስጡኝ ብላ ለምና፣ ቁስሉን እያጠበች ያተረፈችልኝ እሷ ናት።»

በርበሬ ሲቀነጥሱ ብቻ የማውቃቸው እጆቿ ይህን መሥራታቸውን ስሰማ ደረቴ በኩራት ሞላ።

የማርያም ማኅበር እኛ ቤት በወጣበት ቀን ሃምሳ አለቃውን ይዣቸው መጣሁ። ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ቀጥ ብለው ቆሙና፣ «ሲስተር!» ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧት። እናቴ ግን ዓይኗ እግራቸው ላይ ነበር።

«እስኪ ራመድ ራመድ በሉ» አለቻቸው።

ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩላት። ከዚያም ያደረገችላቸውን ሁሉ ለማኅበርተኛው ተናገሩ። እናቴ አፍራ ጠላ ልትቀዳ ስትነሳ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ እጇን ያዙና «ዛሬስ ተቀመጪ» ብለው ራሳቸው ቀዱላት።