የተሰባበረ ምርቃት

ቢቸና ውስጥ ሠርጉን በቪዲዮ ያስቀረጸ ሰው ከአየሁሽ እጅ አያመልጥም ነበር። ባሏ ስማቸው ካሜራውን አንግቶ ከዳስ ዳስ ይዞራል፤ እሷ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብላ እሱ የቀረጸውን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች።

አየሁሽ መዘግየት አትወድም። ገበያ አብረዋት የሚሄዱ ሴቶች እንኳ ከኋላ ሆነው፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ ማን አባሮሽ ነው?" ይሏት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ኮምፒውተሯ መንቀራፈፍ አበዛ። አንድ ምስል ከፍታ፣ ተነሥታ ውኃ ጠጥታ ስትመለስ ገና እየተከፈተ ይጠብቃታል። ቢመራት ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ሄደችና ከኮምፒውተር ጠጋኙ ከሽታሁን ሁለት ራም ገዛች። ራም ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ሁሉ ለጊዜው የሚያኖርበት ዕቃ ነው፤ እሱ ከፈጠነ ሥራው ይፈጥናል። በሁለቱም ላይ ፍጥነታቸው 1600 ተብሎ ተጽፏል።

ቤቷ ገብታ ስትገጥማቸው ግን ማሽኑ 1333 አለ። ነቀለቻቸው፤ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈትጋ መለሰቻቸው። ቦታ አቀያየረቻቸው። አሁንም 1333። ለሽታሁን ደወለች።

"በራሱ አይወጣም እኮ" አላት። "ማሽኑ ሲነሣ ባዮስ የሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ግቢና ፍጥነቱን አንቺ ምረጪለት። ግን ስሚኝ አየሁሽ፤ ከዚያ የራም መፈተሻውን ፕሮግራም አስነሥተሽ ቀኑን ሙሉ ይሩጥ። ቀይ መስመር ካሳየሽ ወደነበረበት መልሺው።"

"ቀኑን ሙሉ? ጥር ነው እኮ ሽታሁን!"

"እኔ ነግሬሻለሁ።"

ፍጥነቱን መረጠች። ማሽኑ 1600 ብሎ ተነሣ፤ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ስማቸው ከኋላዋ ቆሞ አየና፣ "ፈተሽሽው?" አላት።

"እየሠራ አይደል እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ፈተና አለ?"

ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ በሥራ መሃል ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። መብራት ነው አለች። አምፖሉ ግን እንደበራ ነበር። ሌላ ቀን አንዲት ሙሽራ ጉንጭ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አየች። የካሜራው እድፍ ነው ብላ ቆርጣ ጣለችው። ሠርታ የጨረሰችው አንድ ቪዲዮ አልከፈት ሲላትም እንደገና ሠራችው።

"አየሁሽ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም" አላት ስማቸው ምሳ ላይ። "ዝግ ብሎም ቢሆን ይሥራ፤ ወደ ድሮው መልሺው።"

"ሠርጎቹ ይለፉና እመልሰዋለሁ።"

በዚያው ወር ሳባ የምትባል ልጅ ተዳረች። አባቷ አቶ ኃይለ ሚካኤል አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ በሠርጉ ዕለት ግን ተደግፈው ዳስ ገቡና ልጃቸውን መረቁ። የዘፈነው ሁሉ ዝም አለ። ስማቸው ከፊታቸው ተንበርክኮ ቀረጸና ማታውን የካሜራውን ካርድ ለአየሁሽ ሰጣት። እሷም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው፤ ካርዱ ለሌላ ሠርግ ይፈለግ ስለነበር በላዩ ያለውን አጠፋችው።

ጾም ገብቶ ሠርግ በቆመበት ሰሞን አንድ ማለዳ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ነፊው የአቶ ኃይለ ሚካኤልን ስም ጠራ። የሳባ ቪዲዮ ገና ተራው አልደረሰም ነበር፤ አየሁሽ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ሄዳ ከፈተችው። ዳሱ ታየ። ሽማግሌው ተደግፈው ገቡ። እጃቸውን አንሥተው፣ "ልጄ፣ አምላክ..." እንዳሉ ፊታቸው በአረንጓዴና በሐምራዊ ካሬዎች ተቆራረጠ። አፋቸው አንድ ቦታ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ሄደ። ድምፃቸው እንደሚቀደድ ጨርቅ ተንጣጣና ሁሉም ቀጥ አለ። ደግማ ከፈተችው። እዚያው ላይ ተሰበረ።

ያን ዕለት መፈተሻውን አስነሣች። ወዲያው ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ወደ 1333 መልሳ ስትሞክረው ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ቀይ አልወጣም።

በማግስቱ ራሞቹን ይዛ ሞጣ ሄደች። ሽታሁን በየተራ እየገጠመ አያቸው።

"ይሄኛው 1600ን ይችላል። ይሄ ግን ይላል እንጂ አይችልም። እቀይርልሻለሁ።"

"የተበላሸውስ?"

"ሲገለበጥ ነው የተበላሸው። ዲስኩ ላይ የተቀመጠውም ያው ብልሽቱ ነው፤ አይመለስም።" ራሞቹን እያስቀመጠ፣ "ፍጥነቱን ከጨመርሽ ወዲህ ስንት ሠርግ ገለበጥሽ?" አላት።

በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። የጥር ሠርግ ሁሉ በዚያ ራም ውስጥ አልፏል።

ከቀብሩ ጥቂት ሳምንት በኋላ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ዘሪቱ ጥቁር እንደለበሱ ከሳባ ጋር መጡ።

"ልጄ፣ ድምፃቸው ቤቱ ውስጥ ጠፋብኝ። ምርቃቱን ልስማው ብዬ ነው።"

"እማማ፣ ተበላሽቷል" አለች አየሁሽ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፈትሺ ተብዬ ሳልፈትሽ ቀረሁ።"

"አሳዪኝ።"

አሳየቻቸው። የባላቸው ፊት ሲቆራረጥ አማተቡ።

"እንዲህ የሆነው ከመሞታቸው በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት ነው እማማ።"

"እንግዲያ ሞታቸው ቀድሞ ታይቷላ!"

"አይደለም እማማ፣ የማሽን ብልሽት ነው።"

ወይዘሮ ዘሪቱ የሰሟትም አይመስሉም። "ሌላስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፊቱ እንዲህ የሆነ ሌላ ማን አለ?"

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ሰዎች ቪዲዮ ሊወስዱ ሳይሆን ሊጠይቁ መምጣት ጀመሩ። "የልጄ ፊት ደኅና ነው?" ይላል አንዱ። ሌላው በር ላይ ቆሞ፣ "እኔ አላይም፤ አንቺ አይተሽ ብቻ ንገሪኝ" ይላል። አየሁሽ ስለ ራሙ ታስረዳለች፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧትና መልሰው ያንኑ ይጠይቋታል። የሚያዩት ፊቷን ስለሆነ ፊቷን መቆጣጠር ለመደች። ደኅና የሆነውን ታሳያለች፤ የተሰበረውን አምና ይቅርታ ትጠይቃለች። እነዚያ ሰዎች እያማተቡ ይወጣሉ።

የቀሩትን ብቻዋን ስትፈትሽ ከአንዱ ሠርግ መጨረሻ ላይ ባሏን ስማቸውን አገኘችው። አንድ ሚዜ ካሜራውን ተቀብሎ ቀርጾት ኖሯል። ስቆ እጁን ሊያነሣ ሲል ፊቱ በአረንጓዴ ካሬ ተቆራረጠ።

የራም ስሕተት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ቢቸና ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ቪዲዮውን አጠፋችው።

ከፋሲካ በኋላ ስማቸው ከዓባይ ማዶ ለሠርግ ተጠራ።

"ይሄን ተወው" አለችው።

"ምን ሆነሻል? መንገዱን አላውቀውም እንዴ?"

ያየችውን ሳትነግረው የካሜራውን ቦርሳ አቀበለችው። ሄደ። በደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ እንደወረደ ስልኩ አልሠራ አለ። መኪኖች በገቡና በወጡ ቁጥር እሷ መናኸሪያው በር ላይ ትቆማለች። ጥሩምባ የተነፋ እየመሰላት ጆሮዋን ታቀናለች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አቧራ ለብሶ፣ ርቦት፣ እየሳቀ ከሚኒባስ ወረደ። በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ግራ ገብቶት፣ "ምነው፣ አንድ ቀን ባድር ነው?" አላት።

ሥራቸው ቀጠለ፤ ራሙ ቢቀየርም ፍጥነቱን መልሳ ስላልጨመረችው ማሽኑ በ1333 ዝግ እያለ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ግን ባሏን ማንም ሰው እንዲቀርጸው አትፈቅድም። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።