ምርቃቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር

ጽሕፈቴ ያምራል። መዘዜም እሱ ነው። ከአማኑኤል ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «መምህርቷ ቃለ ጉባኤ ትያዝ» ይባላል።

አንድ ቀን የዞኑ ሰዎች ከደብረ ማርቆስ መጡ። ተረተሩ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ስለሆነ ሕዝቡ ይወያይ ተባለ። ካርታው ሲዘረጋ ተርባይን የሚተከልበትን ከሚያሳዩት ቀይ ነጥቦች አንዱ ከአባቴ ቤት ጥግ አረፈ። ተርባይን ከመኖሪያ ቤት መራቅ አለበት የሚል ደንብ አለ፤ ለማራቅ የሚነሳው ግን ተርባይኑ ሳይሆን ቤቱ ነው። ቅሬታ ያለው ይናገር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ አይታይም አሉን።

አንድ ጎረቤታችን ተነስቶ «ጩኸቱ ለኛ፣ መብራቱ ለሌላ ነው?» አለ። ጭቅጭቅ ሆነ። አባቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «በመጀመሪያ ቀን እንግዳ ፊት አይካሰሱም። ሌላ ቀን ሲመለሱ እናገራለሁ» አሉኝ።

መጨረሻ ላይ አባቴ እንደ ልማዱ ይመርቁን ተባሉ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም፤ ቤትህን ሊያፈርስ የመጣም ቢሆን። አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። «እግዜር ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ፤ በሰላም ግቡ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን።

እኔም ጻፍኩ፦ «የአካባቢው ሽማግሌ ሥራውን መርቀው ደግፈዋል።» ማንም አላስገደደኝም። ቃለ ጉባኤ ሁሌ እንዲህ ነው የሚዘጋው፤ እጄ ለምዶታል። ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት።

ሰዎቹ አልተመለሱም። የመጣው «የልማት ተነሺ» የሚል ደብዳቤ ነው። አባቴ «ማመልከቻ ጻፊልኝ፤ ያንቺ ይነበባል» አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩትን ግን አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ። ማመልከቻውን አሳምሬ ጻፍኩ።

ደብረ ማርቆስ፣ ቢሮው ውስጥ፣ ኃላፊው ማመልከቻውንና ቃለ ጉባኤውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አባቴ ዳዊት እንደሚደግሙት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያው እጅ ነው።

«መርቄ ነበር እንጂ መች ደገፍኩ?» አሉ።

«የተጻፈው ይህ ነው፣ አባት» አለ ኃላፊው።

«ስህተቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ላርመው!» ብዬ ጮህኩ። ጠረጴዛውን ይዤ ለመንኩት። ማኅተም ያረፈበት አይታረምም አለኝ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከፊቴ አነሳው።

በሚኒባስ ተመልሰን አማኑኤል ደረስን። እኔ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው ወደ ዳገቱ የምንለያይበት ቦታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይመርቁኝ ተለይተውኝ አያውቁም። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

እጃቸውን አነሱ፣ መልሰው አወረዱት።

«ይህንንስ ምን ብለሽ ትጽፊው ይሆን፣ ልጄ?» አሉኝና ዳገቱን ያዙ።