በባሌ ጆሮ ውስጥ ያለችው ጣውንቴ

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ያለበት ግቢ የገባች ሙሽራ ቀስ ብሎ መናገርን ትረሳለች። መኝታ ቤታችንን ከመፈልፈያው የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከመኸር በኋላ ከቁሐር ሚካኤልና ከይፋግ በኩል ሩዝ የጫኑ ጋሪዎች በሩ ላይ ሲሰለፉ ማሽኑ ከጧት ጀምሮ ያጓራል። መብራት ጠፍቶ ሲቆም እንኳ እኛ መጮኻችንን አንተውም። ባዳ ሰው ሲመጣ የተጣላን ይመስለዋል።

ባሌ ለማሽኑ ጎማ ሊገዛ ባሕር ዳር ሄዶ የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መጣ። ገመድ የለውም፤ ባቄላ የሚያህሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ጆሮ ውስጥ ውትፍ የሚሉ። «እንዳልደነቁር ብዬ ነው» አለኝ። የእኔ ጆሮ ከድንጋይ የተሠራ ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ የቀናሁት በዝምታው ነው። እኔ ሩዝ ሳበጥር ራሴን ይፈልጠኛል፤ እሱ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ፊቱ የሰንበት ፊት ሆኖ አየዋለሁ። ከዚያ ነገሩ ባሰ። ስጠራው የማይሰማ ሆነ። ድሮ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል «አንተ!» ካልሁት «ወዬ» ይለኝ ነበር። ይቺ «ወዬ» የእኔ ብቻ ነበረች፤ እናቱን እንኳ «እመት» ነው የሚላቸው። አሁን ምሳ ቀርቧል ብዬ ብጮኽ፣ ልጃችንን አተኮሳት ብዬ ብጮኽ፣ ትከሻውን ካልነካሁት አይዞርም። ሲዞርም አንዱን አውጥቶ «ምን አልሽ?» ይለኛል፤ ሌላውን አያወጣውም። ሌላው ጆሮው ከማን ጋር ነው?

አንዳንዴ ለብቻው ፈገግ ይላል። ሴት ናት አልሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከተማው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ። በገበያ ቀን በበራችን የሚያልፉትን ሴቶች ድምፅ ሳይቀር እመረምር ጀመር፤ ለጆሮ የምትጥመው የትኛዋ ናት? ማዳመጫውን እንዳልሞክረው ደግሞ ከጆሮው ሲያወጣው ኪሱ ይከተዋል።

ለእኔም ግዛልኝ አላልሁትም። እሱ ከእኔ ከተሸሸገ እኔም ከእሱ ልሸሸግ ብዬ ራሴ ልገዛ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ዳር የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ጎልማሳ አለ። «ጆሮ የሚደፍነውን ስጠኝ» አልሁት።

«ቆይ እኅት ዓለም፤ የሚደፍን ሁሉ አንድ አይደለም» አለኝ። «አንደኛው እንደ ጥጥ የሚወትፍ ነው፤ የላስቲክ ጫፉ በጆሮሽ ልክ ካልሆነ ድምፅ ያስገባል፤ ስለዚህ ትንሹንም ትልቁንም እየቀያየርሽ መሞከር ነው። ሁለተኛው ውስጡ ትንሽ ማይክ አለችው፤ የውጩን ጩኸት ትሰማና ያንን የሚያፈርስ ሌላ ድምፅ ወደ ጆሮ ትለቃለች። እሾህን በእሾህ ነው። ባትሪው ካለቀ ግን ያው እንደ ጥጡ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እንዳታምኚ፤ ሁሉም ጩኸት አጠፋለሁ ይላል።»

የባሌን ማዳመጫ ቅርጽና ቀለም ነገርሁት። ሁለተኛው ዓይነት ነው አለና መሰሉን አውጥቶ ሰጠኝ። በሩ ላይ ሞተሩ ያልጠፋ የጭነት መኪና ቆሟል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ እንዳሳየኝ ነካ ሳደርገው የመኪናው ጉርምርምታ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ። ደስታዬን አልችለው አልሁ። ወዲያው ግን ሽንኩርቱ በስብሷል፣ አልበሰበሰም የሚባባሉ የሁለት ሴቶች ድምፅ ቁልጭ ብሎ መጣ።

«ይኸማ ተበላሽቷል፤ ሴቶቹ ይሰሙኛል እኮ» አልሁት።

ሳቀ። «ሥራው እንዲያ ነው። የሚያጠፋው ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ነው፤ የመኪናውን፣ የወፍጮውን። የሰውን ድምፅ ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ቀጭን ድምፅማ ጭራሽ ያልፋል።»

«የሩዝ መፈልፈያ አጠገብ ቢሆንስ? ሰው ቢጠራ?»

«ያኔማ ከባዶ ጆሮ ይሻላል። ጉርምርምታው ሲነሣለት የጠራውን ሰው ይሰማዋል። የሚያዳምጠውን ከፍ አድርጎ ካልከፈተው ነው ታዲያ።»

እኔ ድምፄ ቀጭን ነው። ማዳመጫውን አውልቄ መለስሁለትና ሳልገዛ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ከፍ አድርጎ ከፍቶት ይሆናል፣ ከፍ አድርጎ ነው እያልሁ ራሴን አባበልሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ እንደ ልማዱ ኪሱ ሳይከተው፣ ስልኩንና ማዳመጫውን ሳያጠፋ ሚዛኑ ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞሯል። ሴትዮዋን ልሰማት ጥርሴን ነክሼ ጆሮዬ ውስጥ ከተትሁት። የሰማሁት ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ በመካከሉ እያሳለ ዜማ ይመራል፣ ተማሪዎች ይቀበሉታል። የኔታ ናቸው። ባሌ እኔን ሊያገባ ጥሏቸው የመጣው የዜማ መምህሩ። ስልኩ ላይ እንዳየሁት፣ አብሮት የተማረ ጓደኛው በስልክ ቀድቶ ልኮለት ኖሯል። ድምፁም ከፍ አላለም፤ ማሽኑ እያጓራ፣ የኔታ እየመሩ፣ አንድ ገበሬ «የኔ ጆንያ የቱ ነው?» ሲል ጥርት ብሎ ሰማሁት።

ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭ ነበር። የኔታን ምን አደርጋቸዋለሁ? አማቴ «አንቺ ባትመጪ ይኸን ጊዜ መሪጌታ ነበር» ሲሉኝ ስቄ አልፍ ነበር፤ አሁን ነገሩ ገባኝ። ባሌ እኔ ወደሌለሁበት ዕድሜው በየቀኑ እየተመለሰ ይገባል። ቀናሁ፤ በሽማግሌው ሳል ሳይቀር ቀናሁ። የኔታ ሲስሉ ነው ለካ እሱ ፈገግ የሚለው።

ማዳመጫውን እንደነበረ አስቀመጥሁት። ባሌ ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ከተተውና ተቀመጠ። እኔ ከጀርባው ሄጄ ቆምሁ። ማሽኑ ያጓራል፤ ገበሬዎቹ ይጯጯኻሉ። አልጮኽሁም፤ ሰው አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚናገረው ብቻ «አንተ» አልሁት።

ዜማውን ጉልበቱ ላይ በእጁ እየመታ ነበር። እጁ ቆመ። እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ፤ ጣቶቹን ሳይቀር አየኋቸው። ይዞር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

አልዞረም። እጁ ቀስ ብሎ ወረደና ከየኔታ ጋር መምታቱን ቀጠለ።