ገብስ ያበቀለው ግድግዳ

ዘንድሮ ለገና የልጅ ልጄ ቤዛ ከደብረ ታቦር በሚመጣው አውቶብስ የፕላስቲክ ጥድ አስጭና ገባች። ቤዛ እዚህ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ናት፤ እኔም ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ካለኝ ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የምኖረው። ጥዱ በካርቶን ተጣጥፎ ነው የመጣው። እንደ ጃንጥላ ዘረጋችው። አብረቅራቂ ክር ጠመጠመችበት፤ በራ ጠፋ የሚል መብራት አንጠለጠለችበት። ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ፣ ልፈትለው ብዬ ሰፌድ ላይ ያስቀመጥኩትን ባዘቶ እየቦጨቀች ቅርንጫፉ ላይ ትለጥፋለች።

«ምነው ልጄ! ባዘቶዬ ምን አደረገሽ?»

«በረዶ ነው እምዬ። ለገና በረዶ ያስፈልጋል።»

እኔ በረዶን የማውቀው ያበበ ባቄላ ሲያረግፍ ነው። በረዶ ሲመጣ እግዚኦ ይባላል እንጂ ና ግባ፣ ጥድ ላይ ተቀመጥ ይባላል? አልተከራከርኳትም። መብራቱን ሰካችው፣ እልል አለች፣ እልልታዋን ሳትጨርስ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። በጨለማው ደግሞ ለበዓሉ የገዛናት ዶሮ ከታሰረችበት ተፈታ ጥዱ ላይ ልትሰፍር ወጣች፤ ጥዱም፣ ዶሮዋም፣ ባዘቶዬም አብረው ወደቁ።

ላባና ጥጥ ስንለቅም ቤዛ ጠየቀችኝ፤ «እምዬ፣ በእናንተ ጊዜ ለገና ቤቱን በምን ነበር የምታስጌጡት?»

«እኛ እንለቀልቃለን እንጂ መች እናስጌጣለን» አልኳት። «አንድ ዓመት ግን ግድግዳው ራሱ አጊጦ ጉድ አድርጎናል።»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፈው እሷው ናት። የባዘቶውንም ነገር እንዳትዘልዪው ብያታለሁ።

ያኔ ያልተዳርኩ ልጅ ነበርኩ። አገራችን ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ገበያ በጠዋት የተነሳ ሰው እኛ ቤት ለምሳ የሚደርስበት፣ ደጋ፣ የገብስ አገር። አባቴና እናቴ የበዓለ እግዚአብሔር ማህበር ነበራቸው። ማህበሩ በየወሩ በሃያ ዘጠኝ፣ በየተራ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት ይዞራል። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ራሱ ገና ነው። ስለዚህ የታኅሣሥ ተራ የደረሰው ሰው ገናን ከነጽዋው፣ ከነቄሱ፣ ከነማህበርተኛው እቤቱ ያውላል። ማህበርተኛው ብዙ ነው፤ ያ ተራ አንድ ቤት እስኪደርስ ልጅ ተወልዶ ያድጋል። እናቴ ከተዳረች ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራ በዚያ ዓመት ደረሳት።

ደረሳት፤ ግን አባቴ ከታላቅ ወንድሙ ከአያ ደምሌ ጋር አይነጋገርም ነበር። ነገሩ ወሰን ነው። አንዱ «አንድ ትልም ገፋኝ» ይላል፤ ሌላው «እሱ ነው የገፋኝ» ይላል። የተጣሉበት መሬት ላም ብትተኛበት ጭራዋ ከውጭ ይቀራል። ሁለቱም የአንድ ማህበር ሰዎች ናቸው፤ የተጣላ ሰው ደግሞ ጽዋ አይጠጣም። የኅዳሩ ማህበር ላይ የማህበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ሽማግሌው ቄስ፣ በሰው ፊት ለአባቴ ተናገሩ።

«አለሙ፣ ጽዋው ቤትህ የሚገባው ከወንድምህ ስትታረቅ ነው። ያለዚያ የገናው ተራ ለሌላ ቤት ይሻገራል።»

እናቴ እቤት እስክንደርስ ከፊት ከፊት ፈጥና ሄደች። አባቴ ግን ስለ በሬው ሰኮና፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለማይጠየቀው ሁሉ ሲያወራ መጣ።

«ታረቅ» ብትለው እንደማይሰማት ታውቃለች። ስለዚህ ግድግዳውን ሰበብ አደረገችው። ለገና ቤት መመረጉ የግድ ነው፤ ለምርግ ጭቃ ደግሞ እንደ ጤፍ ጭድ የሚሆን የለም። ጤፍ የሚያበቅለው ደግሞ ቆላው ጥግ መሬት ያለው አያ ደምሌ ነው።

«ምርጉ ረግፏል» አለችው ሽሮውን እያቀረበች። «ከአያ ደምሌ ጭድ ጠይቅልኝ።»

«ከእሱ?»

«ጭድ ነው ያልኩህ፤ ርስት አይደል።»

ጆንያውን ይዞ እያጉረመረመ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። እኛ ጌሾ ስንወቅጥ ነበር፤ ወደ እኛ ሳይመጣ በቀጥታ ጭቃው ወዳለበት ጉድጓድ ሄዶ ጆንያውን ገለበጠና ሱሪውን ሰብስቦ ይረግጥ ጀመር። አባቴ በዕድሜው ጭቃ ረግጦልን አያውቅም፤ ጭቃ መርገጥ የእኔና የእናቴ ሥራ ነው። ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረን በተገባ ነበር።

«ሰጠህ?» አለችው እናቴ።

«ሰጠኝ።»

«ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል? ውሰድ አለኝ።»

ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ሆነ። ጭቃው ሰንብቶ ቦካ፤ መረግን። እበት ለቀለቅን። ከገደሉ ሥር ነጭ አፈር በቅርጫት ተሸክመን አመጥተን በጥብጠን ቀባን። እናቴ ነጩ ሳይደርቅ በጣቷ መስቀል ሣለችበት፣ በመስቀሉ ግራና ቀኝ ርግብ ሣለች፤ ርግቦቹ ዶሮ ይመስሉ ነበር፣ ግን ማን ይነግራታል? በተልባና በቂጣ ጾም የከሳችው ሴትዮ ታንጎራጉራለች። ጠላው ይጠነሰሳል፣ ለአሻሮው እሳት ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ ቤቱ ሞቆ ግድግዳው ያልበዋል።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ቀና ስል ነጩ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር አየሁ።

«እማዬ፣ ግድግዳው ጢም አወጣ።»

«ጾሙ ደክሞሻል፤ አረፍ በይ» አለችኝ።

ሲመሽ ጢሙ አደገ። በማግስቱ ርግቦቹ አረንጓዴ ክንፍ አወጡ። እናቴ ችቦ አስጠግታ አየች፣ በእጇ ዳሰሰች፣ አንዷን ነቅላ ከነሥሯ መዳፏ ላይ አኖረቻት። ከሥሯ የተጣበቀችው ፍሬ ከጤፍ ጋር ዝምድና የላትም።

«ና እስቲ አንተ ሰው።»

አባቴ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሣር ነዋ።»

«አያ ደምሌ ጤፍ ሲወቃ ገብስ ነው የሚወጣለት?»

አባቴ ሲያፍር ጆሮው ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜም ተንቀሳቀሰ። በኋላ እውነቱን ከአፉ እየጎተተች አወጣችው፤ እስከ ወንድሙ አጥር ደርሶ፣ ቆሞ፣ ቆሞ፣ ተመልሷል። ባዶ ጆንያ ይዞ ላለመግባት ደግሞ ከራሳችን ዓውድማ ዳር የተከመረውን የገብስ ግርድ፣ ፍሬው እንኳ በደንብ ያልተለየለትን፣ ሞልቶ መጥቷል። እኛም እሱን በጭቃ አብኩተን፣ አጠጥተን፣ በእሳት አሙቀን፣ እንደ ደንበኛ ገበሬ አብቅለነዋል።

«ውሸቱንስ ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ» አለች እናቴ። «ግን ለመዋሸት እንኳ አልነፋኸውም?»

ልንነቅል ሞከርን። ቡቃያው ሲነቀል ምርጉ ከነርግቡ በጉማጅ በጉማጁ ይወርዳል። «ተዉት፣ ይታጨዳል» አለ አባቴ፤ ማጭዱን አመጣና ግድግዳ ያጭድ ጀመር። በዚህ መካከል ጎረቤታችን እትዬ ማሬ ወንፊት ልትዋስ ብቅ አለች።

«ምነው፣ ዘንድሮ አጨዳው ቤት ውስጥ ሆነ?»

«ግቢና ውሰጂ እትዬ፣ ወንፊቱ እዚያ ነው» አለች እናቴ ጥርሷን ነክሳ።

የታጨደው በማግስቱ ጠንክሮ ወጣ። ቤት የሚያድረው ጥጃችን ደግሞ ጣዕሙን አወቀ። ሲግጥ አፉ እስከ ዓይኑ ነጭ አፈር ይሆናል፤ ጥጃ ሳይሆን ዱቄት የሰረቀች ውሻ ይመስላል። አባቴ «ይጋጠው፣ ያሳጥርልናል» ብሎ ሲያግዘው እናቴ ሁለቱንም በመጥረጊያ አስወጣቻቸው። ሌላ ምርግ ለመመረግ ጊዜ የለም፤ ቢመረግም አይደርቅም። በመጨረሻ ቤት ያለውን ጋቢ፣ ቡልኮ፣ የእኔን ቀሚስ ሳይቀር ሰብስባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አለች።

ገና ነጋ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቀጤማውን ጎዘጎዝን። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ወጥቷል፤ ያ ሁሉ ጾም አልፎ የቅቤ ሽታ ስሰማ እኔ ወደ ምድጃው ተጠጋሁ፤ እናቴ ግን አልሸተታትም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ማህበርተኛው ጽዋውን ይዞ፣ ቄሱ ከፊት፣ መጡ። አጥራችን በር ላይ ቆሙ። አያ ደምሌም ከኋላ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በዱላው ተደግፎ ቆሟል።

«አለሙ» አሉ ቄሱ። «ታርቃችኋል?»

እናቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። አንድ «አዎ» ጽዋውን ያስገባላታል። አንድ «አይ» ደግሞ ዳቦዋን፣ ጠላዋን፣ ስንት ዓመት የጠበቀችውን ቀን ጎረቤት ቤት ይወስድባታል። አባቴ መሬት መሬት አየ።

«ጭድ... ጭድ ሰጥቶኛል አባ።»

«እኔ?» አለ አያ ደምሌ ከኋላ።

ይህንን እያለ ነው ጥጃው ከጓሮ ዞሮ ሾልኮ የገባው። ደርሶ ቡልኮውን በአፉ ይዞ ጎተተ። ቡልኮው ጋቢውን፣ ጋቢው ቀሚሴን እየሳበ ወረደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው ሁሉ አየ። ግድግዳችን የሰኔ መስክ መስሏል።

አያ ደምሌ ሰውን እየገፋ መጣ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ እጁን ዘርግቶ አንድ ቡቃያ ነቀለ፣ ፍሬዋን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ።

«አባ» አለ ወደ ቄሱ ዞሮ። «የእኔ ጤፍ ገብስ አብቅሎ አያውቅም።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«አንተ አለሙ፣ ወሰኑ አልበቃ ብሎህ ግድግዳ ማረስ ጀመርክ?»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን ያን ጊዜ ቀና አለ።

«እስከ አጥርህ መጥቼ ነበር አያ። ውሻህ ጮኸብኝ።»

«ውሻው? ቡችላ ሆኖ ከብብትህ አውጥተህ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ? አንተን አያውቅህም?»

«እኮ! እሱ እንኳ ጮኸብኝ።»

አያ ደምሌ በእጁ ያለችውን ቡቃያ አያት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ሊያነሳ ነው፤ ተሸክሞ ይቅር በለኝ ሊል። አያ ደምሌ ትከሻውን ያዘው።

«ድንጋዩን ተወው። ነገ መጥተህ ጭድ ተሸከም።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እናቴ እልል አለች፤ እልልታዋ ግማሹ ለቅሶ ነበር። ጽዋው ገባ። ቄሱ ሲገቡ ግድግዳውን በመስቀላቸው ነካ አድርገው «ብዙ ምስክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም» አሉ። ተበላ፣ ተጠጣ። ያቺ ትልም ለማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም፤ ያን ቀን የጠየቀ የለም።

ይህን ታሪክ ዘመድ ሁሉ ይወደዋል። ሠርግ ላይ ይወራል፣ ተዝካር ላይ ይወራል። ሁለቱም ወንድማማቾች ካለፉ በኋላ እንኳ ውሻውና ጥጃው ይነሳሉ፣ ሰው ይስቃል። ሲያወሩት ግን ሁልጊዜ የሚያቆሙት መሳሳሙ ላይ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ሲያቆሙት ሆዴን ያቃጥለዋል።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ ጭዱን እየተሳሳቁ ተሸክመው አመጡ። ደጃፋችን ላይ አራገፉት። ከዚያ የገና ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ። እናቴ ክምሩን አየች፤ ግድግዳውን አየች። በዓል ነው፣ ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ በዓሉ እስኪያልፍ ገብሱን ስታይ ሰነበተች። ከዚያ እኔና እሷ ወንዙ ወርደን ውሃ ቀዳን፣ ዳገቱን ወጣን፣ ምርጉን ፋቅን፣ አዲሱን ጭቃ ረገጥን። አባቴ ከአያ ደምሌ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው የጠፋባቸውን ጊዜ ያወራሉ፤ ሳቃቸው ይሰማል። እናቴ ጭቃውን በሁለት እጇ ታነሳና «እሰይ ታረቁልኝ!» ብላ ግድግዳው ላይ ጧ ታደርገዋለች። ደግሞ ታነሳለች፤ «እሰይ ታረቁልኝ!» ጧ። ጭቃው ፊቴ ላይ ይፈናጠቃል። እንዲህ እያለች ቤቱን ዞረችው።

ቤዛ እስክሪብቶዋን አንስታ «ተደስታ ነው ወይስ ተናድዳ?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልንገራት? አግብታ ቤት ስትይዝ ትደርስበታለች።