የኦቦ ደበላ አኮርዲዮን ሲተነፍስ

ትናንት ከሰዓት ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎብኝ ነው የዋልኩት... ስሙኝማ።

እዚህ ሰበታ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ አኮርዲዮን ይጫወታሉ። እሁድ የልጃቸው ሠርግ ነው፤ «እኔው ነኝ የምጫወትልሽ» ብለው ቃል ገብተውላታል። አኮርዲዮኑ ግን አየር ያፈስሳል። እንደ ወናፍ የሚሳበው ሆዱ ከእንጨቱ ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ተበጣጥሶ አልቋል።

እኔ ሶፋ ስለማለብስ ቁርጥራጭ በፌስታል ይዤላቸው ሄድኩ። ስፖንጅ አለ፣ ስስ የበግ ቆዳ አለ... እሳቸው ደግሞ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጠው ጠበቁኝ።

ግን አንድ ችግር አለ። አጥር የምትጋራቸው አስካለ፣ ባሏ ከሞተ አርባው እንኳ አልወጣም። አስም ነው የገደለው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ እንኳ ልትሞቅ አልወጣችም፤ ብንለምናት ብንለምናት እምቢ። ጎረቤት ሀዘን ተቀምጦ ደግሞ ሙዚቃ አይሰማም። ስለ እሁዱ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

«ታዲያ እንዴት እንሞክረዋለን?» አልኳቸው።

«ቀስ ብለን ነዋ። ይቺን ቁልፍ ከተጫንኳት አየር ብቻ ነው የሚወጣው፤ ዜማ የለውም።»

መጀመሪያ ካላማዳሪውን አደረጉ። ወፍራም ስለሆነ እንጨቱ አልገጥም አለ። ስፖንጁን አደረጉ፤ ገጠመ! ሳብ አደረጉት... «ህእእእ... ፍስስስ...»

«ማሎ! ይሄማ ወንፊት ነው» ብለው ደግመው ሳቡት። «ህእእእ...»

ይሄኔ የግቢው በር ብርግድ አለ... አስካለ ናት! ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣

«ኧረ ድረሱ! ኦቦ ደበላ ትንፋሽ አጠራቸው! ቀና አድርጊያቸው፣ ቀና!» እያለች ሮጣ ገባች።

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማው የኖረችው ነው።

ኦቦ ደበላ አኮርዲዮናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ደርቀው ቀሩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ... እንዳልረብሽሽ ብዬ እኮ ነው።»

እሳቸውን አየች፣ የታቀፉትን አየች። ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና... ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። አቀፍኳት።

ዓይኗን ጠርጋ «ለልጅቷ ሠርግ ይህንን ሊያሰሙ ነው? እንግዳው ሁሉ አምቡላንስ ይጠራል እኮ!» አለቻቸው።

«ያለ አንቺ ፈቃድ እሁድ አልነካውም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

እሷ ግን ፌስታሌን ጎትታ ቁርጥራጮቹን በጣቷ እያሸች የበግ ቆዳውን አወጣች።

«ይቺን ያድርጉ። ስስ ናት፣ አየርም አታሳልፍ።» ቆዳውን አቀበለቻቸውና... «እሱ እርስዎ ሲጫወቱ መስኮቱን ክፈቺው ይለኝ ነበር። እሁድ እከፍተዋለሁ።»

ቆዳው ተለጥፎ እየደረቀ ነው። እኔም ለሠርጉ የምለብሰውን መርጬ ጨርሻለሁ... ያ መስኮት ሲከፈት እንባዬን በምን እንደማሽገው ግን እንጃ።